ማንደፍሮ ሲወድቅ አጨበጨብን

መጀመሪያ የመጣው ትኩሳት ነው። በቀን ሁለት ጊዜ፣ ረፋድና አመሻሽ ላይ፣ እንደ ሱዳኗ ከተማ እንደ ገዳሪፍ ሲኒማ በሁለት ዙር ይገባ ነበር። ቀልዱን የፈጠርኩት እኔ ነኝ፤ ታማሚው ታናሽ ወንድሜ ማንደፍሮ ነበር። ሀዋታ የሚባለው የእርሻ አገር የሰሊጡን አረምም አጨዳም ሠርተን ወደ ስደተኛ መጠለያችን ከተመለስን ሦስት ሳምንት ሆኖናል። ከእርሻ የተመለሰውን ሁሉ ወባ ስለሚጥለው እኛም "ወባ ነው" አልን። የወባ ክኒን ዋጠ። ትኩሳቱ አልሄደም። ወባ ያንቀጠቅጣል፤ እሱ ብዙም አይንቀጠቀጥም። ወባ ምግብ ያስጠላል፤ እሱ የዱራ ማሽላ ገንፎውን ጨርሶ የእኔን ያያል። ያኔ ይህን ልብ ብዬው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን ጽሑፍ የሚጽፍላችሁ እሱ ነበር፤ ከእኔም አስበልጦ ያሳምረው ነበር።

ዘመኑ የሰባ ሰባቱ ረሃብ ነው። ከጎንደርም ከትግራይም ሕዝቡ እንደ ክረምት ወንዝ ወደ ሱዳን ይወርዳል። በዚያ ጊዜ ማንም ማንንም "ከሳህ" አይልም፤ የሚያስደነግጠው ያልከሳ ሰው ነው። ሆድ ቢነፋም ረሃብ ነው ተብሎ ይታለፋል። የማንደፍሮ እጅና እግር እየቀጠነ ሆዱ በግራ በኩል ሲወጣ እኔ ምን አልኩ? "ራሽኑን ተደብቀህ እየበላህ ነው! ይሄ የስደተኛ ሆድ ነው? ይሄ የሰሊጥ ነጋዴ ሆድ ነው እንጂ!"

ሰፈሩ ሳቀ። እሱም ሳቀ። "ወንድም ጋሼ፣ ቅናት ነው" አለኝ። "ያንተን ሆድ የሞላው ወሬ ብቻ ነዋ!"

በሽታው ሳይዘንም ሁለታችን የፊልም በሽተኞች ነበርን። ገዳሪፍ ከተማ ውስጥ ጣራ የሌለው ሲኒማ አለ፤ የህንድ ፊልም ያሳያል፣ ከሥሩ የሚጻፈው ዓረብኛ ነው። እኛ ህንድኛውን አንሰማ፣ ዓረብኛውን አናነብ። ስለዚህ ታሪኩን ማንደፍሮ ከራሱ ይፈጥረዋል። ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ከጎረቤታችን ከእትዬ ለተብርሃን ራኩባ፣ ከዚያች የሣር ዳስ ሥር ሕዝቡ ይሰበሰብና ፊልሙን ከነድብድቡ ይተርክለታል። ፈረስ ይሆናል፣ አማት ይሆናል፣ ባቡር ይሆናል። ሲጨርስ ደግሞ እኔ እነሣና እውነተኛ አስተያየቴን እሰጣለሁ። ለእሱ ይጨበጨባል፣ በእኔ ይሳቃል። ከዱራው ራሽን ይልቅ በዚያች ዓርብ የኖረ ሰው አውቃለሁ ብል ብዙም አላጋነንኩም።

በፊልም አንስማማም ነበር። እኔ ድብድብ ወዳድ ነኝ፤ አንድ ሰው መቶ ሽፍታ ዘርሮ ጸጉሩ ካልተበተነ ፊልሙ ጥሩ ነው። እሱ ደግሞ "ጀግናው ካልሞተ ምኑን ፊልም አየሁት?" ባይ ነበር። እኔ የፊልም ሞት ውሸት ነው እለዋለሁ፤ ሰውየው ጥይት ጠጥቶ አንድ ሙሉ ዘፈን ይዘፍንና አንገቱን ዘንበል ያደርጋል። በካሴት ግን አንድ ነበርን። ያገራችን ዘፋኝ ካርቱም ላይ ለስደተኛው ሲዘፍን የተቀዳች የመድረክ ካሴት ነበረችን። ስቱዲዮ የተቀዳ ዘፈን ታጥቦ የተገነዘ ሬሳ ነው፣ የመድረኩ ግን ይተነፍሳል እንል ነበር። ዘፋኙ ግጥም ይረሳና ይስቃል፣ ማሲንቆው ይቀድመዋል፣ ከፊት የተቀመጠ አንድ ሰውዬ ደግሞ ከመጀመሪያው ዘፈን እስከ መጨረሻው ያስላል። ስሙን "ጋሼ ሳል" አልነው። "ከባንዱ ሁሉ ምት የማይስተው እሱ ነው" ይል ነበር ማንደፍሮ።

አንድ ዓርብ ትረካው ጀግናው የሚሞትበት ላይ ደረሰ። ማንደፍሮ ቆመ። ደረቱን ያዘ። አፍንጫው ደማ። ወደቀ።

አጨበጨብን።

ብዙ አጨበጨብን። አንዱ "ይደገም!" ብሎ ጮኸ። እኔ ተነሥቼ አስተያየቴን ሰጠሁ፤ "ደሙ ጥሩ ነው። አወዳደቁ ግን ተጋኗል።" ሳቁልኝ። ያላጨበጨበች እትዬ ለተብርሃን ብቻ ነበረች። ጎንበስ ብላ ግንባሩን ነካችው።

"እናንተ ዕብዶች! ልጁ እየተጫወተ አይደለም" አለች። "እሳት ሆኗል።"

በማግስቱ በዱራ መኪና ጭነን ወደ ሐኪም ቤት ወሰድነው። ሱዳናዊው ሐኪም ሆዱን ዳብሶ በእስክሪብቶ መስመር አሰመረበት። መስመሩ ከግራ ጎኑ ተነሥቶ ከእምብርቱ በታች ደረሰ። አንድ ያገራችን ሰው ያስተረጉም ነበር። ሐኪሙ በእሱ በኩል "ጣፊያው ነው" አለን። ከጣፊያው በመርፌ ቀድተው በማይክሮስኮፕ አዩ። ካላዛር። የአሸዋ ዝንብ ነክሳ የምታስተላልፈው በሽታ ነው። ዝንቧ የምትኖረው በዋልካው ጥቁር አፈር ስንጥቅና በግራር ሥር፣ ማለትም እኛ ሥራ ውለን በተኛንበት ነው።

"ለምን እስካሁን ቆያችሁ?" አለ ሐኪሙ።

"ስናጨበጭብ" አልኩ።

አስተርጓሚው አየኝ። አልተረጎመውም።

መድኃኒቱ ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት ነው፤ በየቀኑ አንድ መርፌ፣ ሠላሳ ቀን። በሳምንቱ ትኩሳቱ ቀነሰ። ካሴቷን አምጣልኝ አለ፤ የነርሷን ቴፕ ለምኜ ከፈትኩለት። ዓይኑን ጨፍኖ ሲሰማ ቆየና፣ "ወንድም ጋሼ፣ ጋሼ ሳል ድኖ ይሆን?" አለኝ።

"ዘፈኑን ስማ ይልቅ።"

"የምሬን ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ሳቅንበት እኮ። ሐኪም ቤት የወሰደው ሰው ይኖር ይሆን?"

ካሴቷን አውጥቼ ገለበጥኳት።

በአሥራ አንደኛው ቀን የሳንባ ምች ያዘው። ደሙ አልቋል። ሐኪሙ "ዘግይቶ ነው የመጣው" አለ፤ ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አላስፈለገኝም። በአሥራ ሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ "ውሃ" አለኝ። ሄድኩ። አመጣሁ። አልጠጣውም። አልዘፈነም። አንገቱንም ዘንበል አላደረገም።

ከቀበርነው ከአምስት ወር በኋላ የእኔ ትኩሳት በሁለት ዙር ገባ። በዚያው ቀን፣ ግራ ጎኔን በእጄ ይዤ፣ ማንም ሳይገፋኝ ወደ ሐኪም ቤት ሄድኩ፤ ሠላሳውንም መርፌ አንዱን ሳልዘል ወሰድኩና፣ ወንድሜ በተኛበት ክፍል ተኝቼ፣ እትዬ ለተብርሃን በየሳምንቱ በጭነት መኪና እየመጣች ባመጣችልኝ የምስር ሾርባ ቀስ በቀስ ሰው ሆንኩ። ከዳንኩ በኋላ ፊቴን ሽፍታ ወረሰውና የፊልም ወንበዴ መሰልኩ፤ እሱም ከበሽታው የሚከተል ነገር ነው፣ ሳትደነግጡ ለሐኪም አሳዩት፤ የእኔ ከወራት በኋላ ጠፋ። ሲኒማ ቤት የተመለስኩት ከዓመት በላይ ቆይቼ ነው። ጀግናው ቆስሎ ዘፈነ፣ ዘንበል አለ፣ ሕዝቡ አጨበጨበ፤ እኔ እጄን ብብቴ ሥር ከትቼ ተቀመጥኩ። አስተያየቴ አልተለወጠም፤ የፊልም ሞት ውሸት ነው። ዛሬ ግን ውሸት መሆኑ ደስ ይለኛል። ሰውየው ሲያበቃ ተነሥቶ ሻዩን ይጠጣል።

ያን ሐኪም፣ ቴፗን ያዋሰችንን ነርስ፣ ቀልዴን ያልተረጎመውን አስተርጓሚ አመሰግናለሁ። እትዬ ለተብርሃንን የማመሰግንበት ቃል ግን እስከዛሬ አላገኘሁም። ይህን የምታነቡ፣ ከዚያ አገር እርሻ የተመለሰ ሰው ቤታችሁ ካለ፣ ትኩሳቱም ሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ደህና ይበላል ብላችሁ አትዘናጉ። ግራ ጎኑን ዳብሱ፤ እብጠት ባታገኙበትም ሐኪም ቤት ውሰዱት። በተለይ ቀልደኛ ከሆነ ቀልዱን አትመኑ፤ የሚቀልድ ሰውም ይታመማል።

ካሴቷ ዛሬም አለችኝ። ዘፋኙ ግጥሙን ይረሳል፣ ይስቃል፣ ማሲንቆው ይቀድመዋል። ሰውየው ያስላል። እኔም በየጊዜው፣ ብቻዬን፣ "ኧረ አንድ ሰው ሐኪም ቤት ይውሰደው!" እላለሁ።