ማን ቀድሞ ይቅር አለ

ነርሷ የምታስታምማቸው ሽማግሌ በሆስፒታሉ ፒጃማ ላይ ኮታቸውን ደርበው፣ የሙስባሃ መቁጠሪያቸውን እየቆጠሩ፣ ቀኑን ሙሉ በሩን በሩን ያያሉ። አንድ ከሰዓት አንገታቸው ላይ መስቀል ያንጠለጠሉ ጎረቤታቸው መጡ። ሁለቱ በአጥር ተጣልተው ለዓመታት ተኳርፈዋል።

«ጌታ ጠላትህን ውደድ ብሏል፤ ስለዚህ ይቅር ብዬሃለሁ» አሉ እንግዳው እንደቆሙ።

ሽማግሌው ከትራሳቸው ቀና አሉ። «አንተ ብሎ ይቅር ባይ! አላህ ይቅር ባዮችን ይወዳል ብዬ ቀድሜ ይቅር ያልኩህ እኔ ነኝ፤ ያውም ዛሬ ንጋት በሱብሂ ሶላት!»

«እኔ ትናንት ነው ያልኩህ!»

«ውሸታም!»

ክፍሉ በጩኸት ሲናጥ ነርሷ ሁለቱንም ተቆጥታ እንግዳውን አስወጣች። ሽማግሌው በሩ እስኪዘጋ ጠብቀው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልጄ፣ ነገ ሲመጣ ወንበር አቅርቢለት። ቆሞ ሲሟገት ጉልበቱን ያመዋል።»