አራት ጣት

ልጅ ሳለሁ፣ ጣቶቼ ገና ቀጫጭን በነበሩበት ጊዜ፣ አያቴ አመሻሽ ላይ ፍም ዳር ተቀምጦ መረብ እየቋጠረ ተረት ይነግረኝ ነበር። የምንኖረው በሁምቦ ቆላ፣ አባያ ሐይቅ ዳር ነበር። ክሩን ከአሮጌ የመኪና ጎማ ስለሚመዘው እጁ ጎማ ጎማ፣ ጋቢው ጭስ ጭስ ይሸት ነበር። ከተረቶቹ ሁሉ የማልረሳው የቆሮሶዋን ነው። ቆሮሶ ልጆቿን በአፏ ይዛ የምትጠብቅ ዓሣ ናት። አንዲት ገና ያልወለደች ቆሮሶ መረብ ውስጥ ገብታ፣ «አንዴ ልውለድና ከዚያ ና» ብላ አጥማጁን ለመነችው፤ እሱም የመረቡን ዓይን አስፍቶ አሳለፋት።

አያቴ የመረብ ዓይን የሚለካው በአራት ጣቱ ነበር። አንድ ቀን እጁን ሲያመው አንድ መረብ እንድቋጥር ሰጠኝና «አራት ጣት፣ እንዳትረሺ» አለኝ። አልረሳሁም። ግን የለካሁት በራሴ ጣት ነበር።

ጨርሼ ስሰጠው፣ እሱም እኔን አምኖ መረቡን ሳያየው ሐይቅ ገባ። በማግስቱ ታንኳው መዳፍ በማታህል ቆሮሶ ሞልቶ ተመለሰ። ዓሣችንን የሚገዛን ብቸኛው ሰው፣ ከሶዶ የሚመጣው ነጋዴ፣ ደስ አለው።

«አባባ፣ ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ነው የሚያጠምዱት። በሰፊው ከሆነ እኔ አልመጣም።»

አያቴ አንዷን ዓሣ አንስቶ፣ «ይቺ መቼ ወለደች?» አለና በቢላዋው መረቡን ቆራረጠው።

«ሽማግሌው የዓሣ አዋላጅ ሆነዋል» ብሎ ነጋዴው ሳቀ።

«አዎ፣ አዋላጅ ነኝ። በል ሂድ።»

ይመታኛል ብዬ ስጠብቅ እጄን ይዞ ከእጁ ጋር አስተያየው። «ጥፋቱ የኔ ነው» አለ፤ «በማን ጣት እንደሆነ አልነገርኩሽም።»

ነጋዴው እኛ ዘንድ መምጣት ተወ። ጎረቤቶቻችን በጠባብ መረብ እያጠመዱ ሲሸጡለት፣ እኛ ያገኘናትን ጭስ ላይ አድርቀን በእግራችን ገበያ እናወጣ ነበር። እራት ሳንበላ ያደርንባቸው ቀኖች ነበሩ። ያን ጊዜም ቢሆን አያቴ ጸሎቱን «ተመስገን» ብሎ ነው የሚጀምረው፤ ሰፊ መረቡንም አልለወጠም።

ዛሬ ሶዶ ገበያ ዓሣ ስገዛ አራት ጣቴን ዓሣው ላይ አስጠግቼ እለካለሁ።

«እናቴ፣ የሚገዙት ዓሣ ነው ቀለበት?» ይሉኛል ሻጮቹ። ልጆቼ ያፍሩብኛል። ይሁን። ያለው ሁሉ ከጣቴ የጠበበ ከሆነ ትቼው ባዶ ዘንቢሌን ይዤ እመለሳለሁ፤ ሽሮ እንሠራለን። ጣቶቼ አድገዋል፤ አሁን ልክ የአያቴን ያህላሉ።