ኃላፊ ሆኜ ስመለስ

ለማስተርስ ሆሳዕና የገባሁት ዕድሜዬ ወደ አርባ ሲጠጋ ነው። ከዚያ በፊት ዳምቦያ አካባቢ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ በነርስነት ለዓመታት ሠርቻለሁ። የትምህርት ዕድሉ ሲመጣ ከሁሉም በላይ የጎተጎተችኝ አዋላጇ ጓደኛዬ ናት። "አንቺ ካልሄድሽ ማን ይሂድ? ባል አይከለክልሽ፣ ልጅ አያለቅስብሽ" አለችኝ እየሳቀች። ያለችኝ በከምባትኛ ነው። እኔና እሷ አማርኛ የምንነጋገረው ስብሰባ ላይ ወይም እንግዳ ፊት ብቻ ነበር።

ሆሳዕና የተከራየሁት ክፍል ጨርቅ የሚነግዱ ሙስሊም ቤተሰቦች ግቢ ውስጥ ነው። አከራዬ በመጀመሪያው ሳምንት "ልጆችሽን ለማን ትተሽ መጣሽ?" ብለው ጠየቁኝ። "ልጅ የለኝም፣ እናቴ" አልኳቸው። ከዚያ ወዲህ ጠይቀውኝ አያውቁም፤ ግን ዓርብ ዓርብ ከምሳቸው ቀንሰው ራሳቸው ይዘውልኝ ይመጡ ነበር። በረንዳው ላይ በሀዲይኛ ሲጫወቱ ግማሹ ይገባኛል፣ ግማሹ ያመልጠኛል። ሁልጊዜ የሚያመልጠኝ ደግሞ የሚያስቃቸው ነው።

የክፍል ጓደኞቼ ብዙዎቹ ልጆች ናቸው። አክብረው "እህታችን" ይሉኛል፤ ሻይ ሊጠጡ ሲወጡ ግን አይጠሩኝም። የጤና ፖሊሲ፣ የበጀት አያያዝ፣ የሰው ኃይል አስተዳደር ተማርን። አንድ ቀን መምህራችን ሠራተኛን ስለ ማነቃቃት የጻፍኩትን የፈተና መልስ ለክፍሉ አነበበው። ደስታዬን የምነግረው ሰው ፈልጌ ለጓደኛዬ ደወልኩ።

"ምጥ ላይ ያለች አለች፤ ቆይቼ እደውላለሁ" አለች።

ሳትደውል ቀረች። አልተቀየምኳትም፤ ምጥ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ስልኩን ግን አጠገቤ አድርጌ ጠበቅኩ።

ተመርቄ ስመለስ የጤና ጣቢያው ኃላፊ ሆኜ ተመደብኩ። በመጀመሪያው ቀን እንደ ድሮው ለምሳ ወደ አዋላጆች ክፍል ሄድኩ። ሁላችንም ከየቤታችን ያመጣነውን አንድ ትሪ ላይ አቀራርበን ስንበላ የኖርነው እዚያ ነው። በሩን ስከፍት ሳቃቸው ተቋረጠ። ጓደኛዬ ብድግ አለችና በአማርኛ፣ "ይግቡ፤ ቢሮዎ ድረስ እናመጣልዎት ነበር እኮ" አለችኝ።

ቀልድ መሰለኝ። በከምባትኛ "ምን ሆነሻል?" አልኳት።

"ምንም አልሆንኩም፤ ይቀመጡ" አለች፣ አሁንም በአማርኛ።

ከቆጮውና ከጎመኑ ጥቂት ጎረስኩ። ዝናቡ ስለ መዘግየቱ አወራን። በማግስቱ ምሳዬን ቢሮዬ በላሁ፤ የት ቀረሽ ያለኝ የለም።

ሳምንቱን ችዬ ሰነበትኩና አስጠራኋት። "ምን በደልኩሽ?"

"ምንም አልበደሉኝም" አለች ቀና ብላ ሳታየኝ። "እዚያ ክፍል ምን እንደምናወራ ያውቁታል። የምናማው አለቃን ነው። አሁን አለቃዋ እርስዎ ነዎት።"

የቀድሞውን ኃላፊ አብረን ስናማ ነው ዓመታት ያለፉት። ከተማርኩት ሁሉ ለዚህ የሚሆን ነገር ብፈልግ አላገኘሁም።

ክረምት ላይ እናቷ አረፉ። ሠራተኞቹ ሁሉ በጭቃው መንገድ ወደ መንደራቸው ሄድን። ድንኳኑ ውስጥ የቤተ ክርስቲያን ዘማሪዎች ይዘምሩ ነበር። አንድ ሽማግሌ "ለኃላፊዋ ወንበር አምጡ!" ብለው ከፊት አስቀመጡኝ። ጓደኛዬ ከሴቶቹ መካከል ምንጣፍ ላይ ነበረች። ተነስቼ ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ። አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

"ማን ቀረኝ? ማን ቀረኝ?" አለች በቋንቋችን።

"እኔ አለሁ" አልኳት። እኔም አለቀስኩ፤ ለእናቷም ለራሴም።

ሐዘኑን ጨርሳ ሥራ ስትገባ ኮሪደር ላይ ተገናኘን። ፈገግ ብላ "ደህና አደሩ?" አለችኝ። ጥላቻ እንዳልሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ሌሎቹ ያዩናል፤ ከእነሱ ጋር የምትውለው ደግሞ እሷ ናት።

ዓመቱ ሳያልቅ ባሏ ዱራሜ ሥራ አገኘና ዝውውር ጠየቀች። ፈቀድኩላት። የምትሄድ ቀን ዕቃዋን ስትጭን ረዳኋት፤ ከመሳፈሯ በፊት "ዱራሜ ስትመጪ ሌላ ቤት እንዳትገቢ" አለችኝ።

አንድ ቅዳሜ ሄድኩ። ልጆቿ አድገዋል። አዲሱን አለቃዋን እያማችልኝ በሳቅ ፈረስን። ስመለስ ሚኒባሱ ሞልቶ ነበር፤ ከማላውቃቸው ሰዎች መካከል ተጣብቤ ተቀመጥኩ። ሰኞ ከወረዳ ለግምገማ ይመጡብኝ ስለነበር፣ ምን እንደምላቸው እያሰብኩ ዳምቦያ ደረስን።