ሁለቱም የተመረጡበት ምርጫ

ከደሴ የተነሣሁት ሰኔ ወር ውስጥ፣ ሰኞ ማለዳ ነው። መምህራን ጓደኞቼ «ሰኔና ሰኞ ገጠመህ!» እያሉ ሣቁብኝ። ጉዳዩ ግን የሚያሥቅ አልነበረም። ከመካነ ሰላም ወዲያ ባለች አንዲት ደብር፣ ገበሬዎቹ የማኅበር ሊቀመንበር ሲመርጡ ቃለ ጉባኤ እንድጽፍ ታዝዣለሁ። ሁለት ጊዜ ተሰብስበው በዱላ ተለያይተዋል። ሊቀመንበር የሌለው ማኅበር ደግሞ ከከተማው መጋዘን የዘር ገብስ አይሰጠውም። የራሳቸውን ዘር በረሃቡ ጊዜ በልተውታል፤ የመዝሪያው ወቅት ሊያልፍ የቀረው አንድ ሳምንት ነው።

ለጭነት መኪናው ሦስት ብር ከፍዬ የጨው ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ። ጉጉፍቱ ዳገት ላይ ብርዱ ጥርሴን ሲያንቀጫቅጨው፣ አጠገቤ ያሉ እናት ጋቢያቸውን ከፈል አድርገው አለበሱኝና «አብሽር ልጄ፣ አቀስታ ይብሳል» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር! እዚያ አድረን፣ በስሙኒ የገዛሁትን ትኩስ የገብስ ቂጣ እየገመጥኩ ጉዞ ቀጠልን። በመንገዱ ዳር በራቸው በእሾህ የተዘጋ ቤቶች አየሁ፤ ባለቤቶቹ እህል ፍለጋ እንደወጡ አልተመለሱም። ሣሩ ግን ለምልሞ ነበርና ደስ አለኝ። መኪናችን ጭቃ ውስጥ እየገባ፣ እኛም እየገፋን፣ መካነ ሰላም የደረስነው ረቡዕ ነው።

ሐሙስ

ሦስት ሰዓት በእግር ሄጄ ደረስኩ። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ሰዎች ተለያይተው ተቀምጠዋል፤ ሁሉም ስልሳ ሁለት ናቸው። ዕጩዎቹ ሁለት ነበሩ፤ የላይ ሰፈሩ አቶ ይመር፣ ስድስት አህያ ያላቸው ጎልማሳ፣ እና የታች ሰፈሩ ሙላት፣ በሬዎቹን በረሃቡ ጊዜ የሸጠ ወጣት።

«አቶ ይመርን የምትመርጡ!» አልኩ። ስልሳ ሁለት እጅ ወጣ። «ሙላትንስ?» አሁንም ስልሳ ሁለት! የዕጩዎቹም እጅ አልቀረም። ደሜ ፈላ።

«ትቀልዱብኛላችሁ እንዴ?»

የደብሩ መሪጌታ ቀስ ብለው ተነሡ። «ሰው ፊት ለፊት እያየህ እጅህን ትሰበስብበታለህ ልጄ? ባለፈው እጃችንን የሰበሰብን ጊዜ አይደል ዱላ የተማዘዝነው? እስቲ ሁለቱን ከቅጥሩ ጀርባ ስደዳቸው።»

ላክኋቸው። እንደገና ስቆጥር ሙላት በአራት እጅ በለጠ።

ተመልሰው መጡ። «ማን ሆነ?» አሉ አቶ ይመር። ስልሳ ሰው መሬት መሬት ማየት ጀመረ። መሪጌታው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «አንተ እንግዳ ነህ፤ ተናግረህ ትሄዳለህ» አሉኝ። ለካ ከደሴ ድረስ የተፈለግሁት ለዚህ ኖሯል! ፈራሁ፤ ግን ነገርኳቸው።

አቶ ይመር ወደ ሙላት ዞሩ።

«ወንበሩስ ይሁንልህ። ዘሩን በምን ልትጭነው ነው?»

ሙላት ባዶ ትከሻውን ዳበሰ።

«ነገ ማልደህ ደጄ ና» አሉት አቶ ይመር።

ዱላቸውን አንሥተው ሄዱ። ዱላ ይዘው ይጠብቁት ይሆን ብዬ ሳስብ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ዓርብ

ወደ መካነ ሰላም ተመልሼ መጋዘኑ በር ላይ ቃለ ጉባኤዬን ይዤ ስጠብቅ፣ ስድስቱ አህዮች ባዶ ጆንያ ጭነው ብቅ አሉ። ሁለቱም ሰዎች ከኋላ ይነዳሉ። የመጋዘኑ ጸሐፊ ወረቀቱን ተቀበለኝና የአቶ ይመርን ዕድሜ አይቶ «ሊቀመንበር፣ እዚህ ላይ ይፈርሙ» አላቸው።

አቶ ይመር ሙላትን በክንዱ ይዘው ወደፊት ሳቡት።

«ሊቀመንበራችን እሱ ነው» አሉ።

ደሴ ስገባ ጓደኞቼ ከበቡኝ። «አስመረጥክ?» አሉኝ። ያስመረጥኩት ሐሙስ ነው፤ ምርጫው ያለቀው ግን ዓርብ፣ በተሸነፉት ሰው አንደበት ነው። እጅ መቁጠር እኔም እችላለሁ፤ ያንን ቃል ግን እኔ ብሆን መናገሬን እንጃ።