በሞርቪዝ ማሳ ሥር ያለው መንገድ

ማይሪግ ፕሮበርት በዌልስ ተራሮች ላይ በግ እያረባ ያረጀ ወንደላጤ ነው። እሑድ እሑድ ሌላው ሰው ከጸሎት ቤት ወጥቶ ምሳው ላይ ሲሰየም፣ እሱ የብረት ዘንጉን ይዞ ዳገቱን ይያያዘዋል። ዘንጉን ረግረጉ ውስጥ እየሰደደ፣ ሮማውያን ከአንዱ ምሽጋቸው ወደ ሌላው የሄዱበትን መንገድ ይፈልጋል። መንገዱ ከሸለቆው ማዶ በግልጽ ይታያል፤ እዚህ ተራራ ላይ ሲደርስ ግን ይጠፋል። የጠፋበትን ያገኘ ሰው ስሙ ሲጠራ ይኖራል ብሎ ያምን ነበር። ልጅ የሌለው ሰው ስለ ስሙ ቢጨነቅ አልፈርድበትም።

በዚያ አገር በጋም ይዘንባል፤ አንድ ጊዜ ግን ዝናብ የጠፋበት በጋ መጣ። ከሥሩ ድንጋይ ያለበት ሣር ቀድሞ ይደርቃልና፣ በጎረቤቱ በሞርቪዝ ማሳ ላይ ቀጥ ያለ ቢጫ መስመር ወጣ። ማይሪግ ዘንጉን ቢሰድ ድንጋይ ነካ፤ አለፍ ብሎ ቢሰድም ድንጋይ። ልቡ ሊፈነዳ ደረሰ። ችግሩ ማሳው የሞርቪዝ ልጅ ኔሪስ ከባሏ ጋር ቤት ልትሠራበት ፈቃድ የጠየቀችበት መሆኑ ነው። ባልቴቷ ሞርቪዝ ሌላ ደረቅ መሬት የላትም። የጥንት መንገድ በተገኘበት ደግሞ ቤት አይሠራም።

ሞርቪዝ ወሬውን ሰምታ እየተንደረደረች መጣች።

«አንተ ማይሪግ፣ ያንን ዘንግህን ከማሳዬ አርቅልኝ!»

«መንገዱ እኮ ነው ሞርቪዝ! ተመልከቺው እስቲ፣ እንዴት ቀጥ እንዳለ!»

«ይህን ያህል ዘመን ተኝቶ የለም እንዴ? ልጄ ቤቷን እስክትሠራ ቢተኛ ምን ይለዋል?»

«እውነት አይደበቅም።»

«ያንተ እውነት የሞተ ወታደር ነው። የእኔ ልጅ በሕይወት አለች፤ ነፍሰ ጡር ናት!»

ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለምና፣ መንገዱ የሮማውያን ስለመሆኑ ቅንጣት አልተጠራጠረም። ለሚመለከታቸው አመለከተ፤ መሬቱ ተቆፍሮ እስኪታይ የኔሪስ ፈቃድ ታገደ።

መኸር ላይ የማይሪግ በጎች ከተራራው የሚወርዱበት ቀን ደረሰ። ተራራው አጥር የለውም፤ የሁሉም በግ ተቀላቅሎ ስለሚግጥ ብቻውን ሰብስቦ የሚያወርድ የለም። ስለዚህ የአንዱ ቀን ሲደርስ ከየቤቱ ሰው ከነውሻው ይመጣል፤ ቢጣሉም ይመጣል። ባለቀኑ ምሳ ያበላል። ማይሪግ የበግ ጥብስ፣ ዳቦና አይብ አሰናድቶ ጠበቀ።

ሁሉም መጡ። ሞርቪዝም ውሻዋን ይዛ መጣች። ቀኑን ሙሉ በጎቹን አዋክበው አንድም ሳያስቀሩ በረት አስገቡለት። ከዚያ ከየኪሳቸው የራሳቸውን ዳቦ አውጥተው፣ የድንጋዩን ካብ ተደግፈው በቁማቸው በሉ። ሥራውን አልከለከሉትም፤ ማዕዱን ከለከሉት። ማይሪግ በሩ ላይ ቆሞ «ግቡ እንጂ፣ ይቀዘቅዛል» ቢል ዳቧቸውን ማኘካቸውን ቀጠሉ። ሆድ ባሰው። ሲሄዱ ጥብሱን ለውሾቹ ሰጠ።

በጸደይ ቆፋሪዎቹ መጡ። ድንጋዮቹን ሲያነሱ ከሥራቸው የፈረስ ጫማና የሸክላ ፒፓ ስብርባሪ ወጣ። ሮማዊ ደግሞ ፒፓ አያጨስም። መንገዱ የሸለቆው ሰዎች ቅድመ አያቶች ከረግረጉ ቆርጠው እያደረቁ እንደ ማገዶ የሚያነዱትን አፈር ፈረስ በሚጎትተው ሸርተቴ የሚያወርዱበት ነበር። ማይሪግ የገዛ ዘመዶቹ ያነጠፉትን ድንጋይ የቄሣር ነው ብሎ ጎረቤቱን አስከፋ። ሞኝ!

ያንኑ ቀን ባርኔጣውን አውልቆ የሞርቪዝን በር አንኳኳ።

«ተሳስቻለሁ ሞርቪዝ። ይቅር በይኝ። ፈቃዱ ይሰጣችኋል፤ ኔሪስ ቤቷን ትሥራ።»

«ኔሪስ የለችም።»

«የት ሄደች?»

«ከተማ። በአንድ ክፍል ከአማቶቿ ጋር ከምትወልድ ብለው ቤት ተከራዩ። ባሏም እዚያው ሥራ ያዘ። ሕፃኑ እዚያ ተወለደ።»

«እንግዲህ ይመለሳሉ እኮ። መሬቱ አለ፣ ፈቃዱ አለ…»

ሞርቪዝ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለው ነበር።

«ከዚህ ሸለቆ ወጥቶ ተመልሶ የኖረ አንድ ሰው ጥራልኝ ማይሪግ። አንድ ብቻ።»

ማይሪግ አፉን ከፈተ። ቤቶቹን ከላይ እስከ ታች በሐሳቡ ዞራቸው፤ የሚጠራው ሰው አጣ።