አገዳው መጀመሪያ፣ ውሃው በኋላ

ከፀዳ መነሻ

ጎንደር ዳር፣ ፀዳ ካለው ቤቴ የወጣሁት ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። የዲፕሎማሲ አስተማሪ ነኝ፤ አገሮች ከመዋጋት ይልቅ በጥቅም እንዴት እንደሚግባቡ ስለፈልፍ ዓመታት አልፈዋል። አሁን ግን የጠራኝ አጎቴ አያ ታከለ ነው። ሁለቱ የእርሻ በሬዎቹ የሱዳንን ድንበር ተሻግረው እዚያው ቀርተዋል። የልጁ ባል ጌቱ ደግሞ «ጠመንጃዬን ይዤ ሄጄ አመጣቸዋለሁ» ብሎ ቆርጧል። ከተሻገረ ደም መፍሰሱ አይቀርም። ፈርቼ ነው የተነሣሁት።

ትክል ድንጋይ

የተሳፈርሁበት ሚኒባስ ትክል ድንጋይ ከተማ ለቁርስ ቆመ። ሽሮዬን እየበላሁ የስምምነት ረቂቅ ጻፍሁ፦ «በሬዎቹን ከመለሳችሁ ከብታችሁ ከኩሬያችን ይጠጣል።» ኮራሁበት እኮ! ከዚያ መንገዱ ቁልቁል ወረደ፤ ሳንጃ ስደርስ ሹራቤን አውልቄ እንኳ ላቤ ጠብ ይል ነበር። ከሳንጃ አይሱዙ ተሳፍሬ ድንበሩ አጠገብ ወዳለው ማሳ ሄድሁ።

ማሳው

አጎቴ ረቂቁን ሰምቶ ሳቀ።

«ሸጋ ጽሑፍ ነው። ግን ምነው ልጄ፣ ማሽላው ከታጨደ በኋላ አገዳውን የእነሱ ከብት ነበር የሚበላው። ዘንድሮ በእሾህ ያጠርንባቸው እኛ ነን። አሁን ምን ብለው ይመኑኝ?»

«አያ፣ ታዲያ በነጻ ልትሰጣቸው ነው?»

«አገዳውን፣ አዎ። ውሃውን ግን በሬዎቼ ሲመጡ።»

ጌቱ «ይህማ ፍርሃት ነው!» ብሎ ጮኸ። አጎቴ እሾሁን እየጎተተ አጥሩን ማፍረስ ጀመረ። አፍሬ አገዝሁት። ከዚያም አጎቴ ማዶ ሆኖ በሬዎቹን ለያዘው ሱዳናዊ ከብት አርቢ፣ ለአዳም ደወለና ዐረብኛና አማርኛ እየቀላቀለ ስለ አገዳውም ስለ ውሃውም ነገረው።

ሁለት ቀን ምንም የለም። ጌቱ ጠመንጃውን ይወለውላል፤ እኔ ድንበሩን አሻግሬ አያለሁ። በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ አቧራ ተነሣ። ከፊት የአጎቴ በሬዎች፣ ከኋላ አዳም ከነከብቱ! እልልታዬን አቀለጥሁት። አጎቴ አዳምን አቅፎ ሳመውና ወደ ኩሬው ይዞት ሄደ። ጌቱ ግን ከዳሱ ጥላ ንቅንቅ አላለም።

ፀዳ

ቤቴ ገብቼ የማስተምርበትን ደብተር ገለጥሁ። «ማበረታቻ የሚሰጠው ሌላው ወገን ቃሉን ከፈጸመ በኋላ ነው» የሚለውን ሰርዤ «እኛ የዘጋነው ነገር ካለ መጀመሪያ እሱ ይከፈት» ብዬ ጻፍሁ።

ስልኬ ጮኸ። ጌቱ ነው።

«እትዬ፣ የአዳም ጊደር እኛ ጋ ቀርታለች። ይዣት ልሻገር ነው።»

ደነገጥሁ። «ጠመንጃውስ?»

«ቤት ነው። ታዲያ ጊደሯን በየትኛው እጄ ልጎትት?»