እሳት አዳፍን

በጣሊያን ጊዜ ሰዓት እላፊ ሲታወጅ ከተማው ጸጥታ አገኘ ይባላል። አላገኘም። ያኔ ጢሜን ማቀምቀም የጀመርኩ ጎረምሳ ነበርኩ፤ ቤታችንም ዛሬ ካዛንቺስ በሚባለው ሰፈር፣ ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ብዙም አይርቅም ነበር።

እንግሊዞች ሰዓት እላፊን «ከርፊው» ይሉታል። ቃሉን ከፈረንሳዮች ነው የወሰዱት፤ ፍቺውም «እሳት ክደን» ነው። ድሮ በአውሮፓ ማታ ደወል ሲደወል ሰው ሁሉ ምድጃውን አዳፍኖ እንዲተኛ ይታዘዝ ነበር። መዝገበ ቃላቱ ለሣር ጣሪያ ታስቦ ነው ይላል። ይሆናል። እኛ ሰፈር ጣሪያ ሲቃጠል ያየሁት ግን በገዢዎቹ እጅ ነው።

ክብሪት እንደ ልብ አይገኝም ነበርና የሰፈሩን እሳት የምታሳድረው እናቴ ነበረች። ፍሙን በአመድ ታዳፍናለች፤ ምድጃው የጠፋበት ሁሉ ገል ይዞ መጥቶ ይጭራል። ከመንገዱ ማዶ አንዲት አራስ ነበረች። ባሏ ዱር ቤቴ ብሎ ከወጣ ወዲህ ከሕፃኗ ጋር ብቻዋን ቀርታለች። አንድ ምሽት፣ ሰዓቱ ካለፈ በኋላ፣ በራችንን ቆረቆረች።

«ደግሞ መጣሽ? ምድጃሽን ለጣሊያን አስረከብሽው እንዴ?» አለቻት እናቴ፣ ፍሙን ገሉ ላይ እያደረገችላት።

«እንጨቱ እርጥብ ሆነብኝ፣ እትዬ። ልጁን በረደው።»

«አመድ ነስንሺበት። ከሩቅ ይታያል።»

«ይጠፋብኛል እኮ! ደሞስ ቤቴ እዚህ አይደል?»

ሮጠች። ስትሮጥ ነፋሱ ፍሙን አቀላው። ከመንገዱ ላይኛው በኩል የቆሙት የጣሊያን ዘበኞች ሌላ ምልክት አላስፈለጋቸውም። ተኩሱን ሰማን፣ ከዚያ የገሉን መሰበር። ፍሙ መንገዱ ላይ ተበትኖ ትንሽ ቀላና ከሰለ።

ዘበኞቹ ከዚያ አልሄዱም። ማዶ ሕፃኑ ማልቀስ ጀመረ። እናቴ ልትወጣ በሩን ገርበብ ስታደርግ ጥይት መቃኑን መታው። አባቴ ወገቧን ይዞ ጎተታት። «ልጁ! ልጁ ብቻውን ነው!» ትላለች። እሱም ያውቃል፤ አልለቀቃትም። ሕፃኑ ሌሊቱን ሙሉ አለቀሰ። ሊነጋጋ ሲል ጸጥ አለ።

ዘበኞቹ ሲነሡ እናቴ ተሻግራ ሄደች፤ በነጠላዋ ጠቅልላ ይዛው ተመለሰች። ደርቋል። እኛ ምድጃ ውስጥ ግን እሳቱ አመዱ ሥር ደህና አድሮ ነበር።

የዚያን ዘመን ጸጥታ የሚያወድሱ አሁንም አሉ። አንተም ከእነሱ አንዱ ከሆንክ፣ እባክህ እኔ ባለሁበት ዝም በል።